ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ፎቶ የማታነሱም ብትሆኑ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ቤታችሁ ውስጥ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ «አይሠራም» ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ካለ ደግሞ ጽሑፉ በተለይ የእናንተ ነው።

ኢንቦክሴን ብትከፍቱት ከአሥሩ ጥያቄ ሦስት አራቱ አንድ ዓይነት ነው። «ቲቸር፣ ሌንስ ገዛሁ። ካሜራዬ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ግን ፎከስ አያደርግም። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ?» ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ፤ የሌንሱን ጀርባ ይልኩልኛል። አየዋለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሴ አጭር ነው፦ «አልተበላሸም፤ ሞተር የለውም።» ከዚያ ወዲያው የሚመጣውን ደግሞ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እንዴ! ሌንስ ሞተር አለው እንዴ?»

አለው። አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። የብዙ ጀማሪ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህች ላይ ስለሆነ እስቲ ከሥሩ እንጀምረው።

አውቶፎከስ ስንል ካሜራው በራሱ ምስሉን ያጠራል ማለታችን ነው። ምስል የሚጠራው ሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች፣ ወይም ከፊሎቹ፣ ወደፊትና ወደኋላ ሲንቀሳቀሱ ነው። ካሜራው «እዚህ ጋ ቁም» ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ግን መስታወቱን የሚገፋ ጉልበት ከየት ይምጣ? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞተሩን ካሜራው ቦዲ ውስጥ ማስቀመጥ። በዚህኛው አሠራር ከቦዲው ማውንት ላይ ጫፏ እንደ ካቻቪቴ የሆነች ትንሽ ዘንግ ብቅ ትላለች። ሌንሱ ጀርባ ላይ ደግሞ እንደ ብሎን ራስ የተሰነጠቀች ክብ ነገር አለች። ሌንሱን ስታዞሩት ካቻቪቴዋ ስንጥቋ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ቦዲው ብሎን እንደሚያጠብቅና እንደሚያላላ ሰው ሌንሱን ያዞረዋል። ሁለተኛው አሠራር ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ መክተት ነው። ቦዲው በወርቃማዎቹ የኤሌክትሪክ ነጥቦች በኩል ትእዛዝና ኃይል ይልካል፤ ሥራውን ሌንሱ ራሱ ይሠራል።

አሁን አስቡት። ቦዲው ሞተር ከሌለው፣ ሌንሱም ሞተር ከሌለው ምን ይፈጠራል? ሁለቱ በደንብ ይጋጠማሉ፣ ሌንሱ ብርሃን ያስገባል፣ ካሜራው መጠኑን ይለካል፣ ሹተሩም ይሠራል። ፎከሱ ብቻ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱም «አንተ ትገፋለህ ብዬ ነው» ተባብለው ቁጭ። አንዳቸውም ግን አልተበላሹም።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ትንሽ ታሪክ ታገሡኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኒኮን ዛሬም በድሮ ሌንሶች ላይ የምናየውን «ኤፍ ማውንት» ያወጣው በ1959 ነው። ያኔ አውቶፎከስ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። በ1983 ኒኮን ኤፍ3ኤኤፍ የሚባል ካሜራ አወጣ፤ ለሱ የተሠሩት ሁለት ሌንሶች ሞተራቸው ውስጣቸው ነበር። ግን አልተስፋፋም። በ1985 ሚኖልታ 7000ን ይዞ መጣ፤ ሞተሩ ቦዲው ውስጥ ነበር፤ ካሜራው ዓለምን አንቀጠቀጠ። አውቶፎከስ ለተራው ሰው የደረሰው በዚህ ካሜራ ነው ማለት ይቻላል። ኒኮንም በ1986 ኤፍ-501ን ሲያወጣ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ ሞተሩን ቦዲው ውስጥ ከተተው።

ካኖን ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በ1987 ኢኦኤስ 650ን ሲያወጣ የድሮውን ኤፍዲ ማውንት ሙሉ በሙሉ ተወው። አዲስ ማውንት አበጀ፤ ሁሉም ነገር በኤሌክትሪክ፤ ሞተሩ በእያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ። ያኔ ለዓመታት የኤፍዲ ሌንስ ያጠራቀመ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ያለው ሌንስ ሁሉ አዲሱ ካሜራ ላይ እንደማይገባ ይሰማል። ብዙዎች ተናደዱ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ካኖን ያወጣው አውቶፎከስ ያለው የኢኤፍ ሌንስ ሁሉ በማንኛውም የኢኦኤስ ቦዲ ላይ ፎከስ ያደርጋል። የ1987ቱን ሌንስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በወጣ ካሜራ ላይ ብትሰኩት ይሠራል። (ለትንሽ ሴንሰር ብቻ የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች የተለዩ ናቸው፤ እነሱ ትልቅ ሴንሰር ባለው ቦዲ ላይ አይገቡም።)

ኒኮን ማውንቱን አልቀየረም። «የቆየ ደንበኛዬን አልጥልም» እንደማለት ነው። ሞተር ያላቸውን ሌንሶች ቀስ እያለ አስገባ፦ በ1992 ኤኤፍ-አይ የተባሉትን ትልልቅ ሌንሶች፣ በ1996 ደግሞ ዛሬ የምናውቃቸውን ኤኤፍ-ኤስ። ቦዲው ውስጥ ያለው ሞተር ግን ስላልተነካ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይሠሩ ነበር። ሁሉም ሰላም።

ሰላሙ እስከ 2006 ቆየ። በዚያ ዓመት ዲ40 የተባለ ትንሽ፣ ቀላል፣ ርካሽ ዲጂታል ካሜራ ወጣ። ካሜራውን ለማሳነስና ለማርከስ ከተቀነሱት ነገሮች አንዱ ያቺ ሞተር ናት። ከዚያ በኋላ የመጡት የጀማሪ ቦዲዎች፣ ማለትም ዲ60፣ ከዲ3000 እስከ ዲ3500 ያሉት፣ ከዲ5000 እስከ ዲ5600 ያሉት፣ አንዳቸውም ሞተር የላቸውም። ከፍ ያሉት ግን አላቸው፦ ዲ80፣ ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ7100፣ ዲ7200፣ ዲ7500፣ ዲ300፣ ዲ700፣ ዲ610፣ ዲ750፣ ዲ800 እና መሰሎቻቸው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው።

ዲ3200 አዲስ ከነካርቶኑ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኪት ሌንሱ ጋር ነው የገዛው። ኪት ሌንሱ ሞተር አለው። ሁለተኛ ሌንስ ሲያምረው ሱቅ ሄዶ አዲስ ይገዛል፤ እሱም ሞተር አለው። የሞተሩን ነገር ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። እኛ ጋ ግን እንዲህ አይደለም። ቦዲው ያገለገለ ነው፤ አቅም የሚፈቅደው ርካሹን ስለሆነ ሞተር የሌለውን ነው የምንገዛው። ሌንሱም ያገለገለ ነው፤ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ ወይ አሜሪካ ያለ አጎት «ድሮ እኔ የተጠቀምኩበት ነው» ብሎ የላከው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ ነው። በሌላ አገር እምብዛም የማይገናኙት ሁለቱ፣ ሞተር አልባው ቦዲና ሞተር አልባው ሌንስ፣ እኛ ጋ በአንድ ጀማሪ እጅ ላይ ይገናኛሉ። የዚህን ዕውቀት ዋጋ የሚከፍለው እንግዲህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ባለቤቷ «ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» ብላኛለች።

የድሮ ተማሪዬ ናት። ትምህርቱን ስትጨርስ በቁጠባ ያገለገለ ዲ3200 ገዛች። ልደትና ምርቃት እያነሳች ትንሽ ትንሽ መሥራት ጀመረች። አሜሪካ ያለው አጎቷ ይህን ሰምቶ ደስ ስላለው በሰው እጅ አንድ ሌንስ ላከላት፦ 85 ሚሜ፣ ኤፍ 1.8 ዲ። ለፖርትሬት ከዚህ የተሻለ ስጦታ በዚያ ዋጋ ማግኘት ይከብዳል። ስትቀበለው እንዴት እንደሆነች መገመት ትችላላችሁ። ከዚያ ካሜራዋ ላይ ሰካችው። ፎከስ የለም። አወጣችው፣ ጠረገችው፣ መልሳ ሰካችው። የለም።

ወደ አንድ ሱቅ ወሰደችው። ሰውዬው አየት አደረገና «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ለማሠራት ከሌንሱ ዋጋ በላይ ይወስዳል፤ ከፈለግሽ ለስፔር ፓርት ልግዛሽ» አላት። ያቀረበላት ብር የሌንሱን ሩብ አይሆንም። ሰውዬው አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ እኔ አልፈርድም። ግን እስቲ አስቡት፤ ኖሮት የማያውቀው ሞተር «ተቃጠለ» ተባለ!

የባሰው ነገር ደግሞ ከአጎቷ ጋር የሆነው ነው። እሱ በደወለ ቁጥር «እስቲ በሱ ያነሳሽውን ላኪልኝ» ይላታል። እሷ «አይሠራም» ብትለው የተበላሸ ነገር እንደላከላት ሊሰማው ነው፤ ወይ ደግሞ እሷ የሰበረችው ሊመስለው ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ስልክ ማንሳት ቀነሰች። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አጎትየው ደግሞ ለእናቷ ደውሎ «ልጅቷ በምን ተቀየመችኝ?» ይላል። የአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የማታህል ሞተር ነገር ቤተሰብ መሐል ገባች።

እኔ ጋ የጻፈችው ሌንሱን ልትሸጠው ከወሰነች በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ስንት ብለው ይገዙኛል ብዬ ነው እንጂ እንደማይሠራ አውቃለሁ» አለችኝ። «ልጄ፣ እንዳትሸጪው፤ ይዘሽው ነይ» አልኳት።

መጣች። ሌንሱን ከሷ ካሜራ ነቀልኩና የኔ ዲ7000 ላይ ሰካሁት። ሹተሩን በግማሽ ስጫነው «ዥጥ» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደግሜ መስኮቱ ላይ፦ «ዥጥ»። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከዚያ የሷን ቦዲና የኔን ቦዲ ጎን ለጎን አድርጌ ማውንታቸውን አሳየኋት። የኔ ላይ ካቻቪቴዋ አለች። የሷ ላይ ቦታው ባዶ ነው። አንድ ቃል ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዝም ብላ አየችውና «ጋሼ፣ በቃ ይቺ ናት?» አለች። በቃ ይቺ ናት።

እዚያው ሆና ለአጎቷ ደወለች። የተባባሉትን አልጽፈውም፤ የነሱ ነው።

ከዚያ «አሁንስ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ሌንሱ ደህና ነው ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰርግ አለባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ የያዘችው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖባታል። የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁም በዚሁ ቦታ ላይ ያላችሁ አላችሁና።

አንደኛ፣ በእጅ ፎከስ ማድረግ ይቻላል። እኛ በፊልም የተማርነው ሰዎች ሌላ አናውቅም ነበር። በዲ3200ም ቢሆን ካሜራው ለፎከስ ከነጭራሹ ዕውር አይደለም። የመረጥሽው ነጥብ ላይ ምስሉ ሲጠራ ቪውፋይንደሩ ውስጥ ከታች በግራ በኩል አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ቀለበቱን በዝግታ ታዞሪያለሽ፣ ነጥቧ ስትበራና ስትረጋ ትጫኛለሽ። ዲ ሌንስ ስለሆነ ብርሃኑንም ይለካልሻል፤ አፐርቸሩንም ከቦዲው ትቀይሪያለሽ።

ሁለተኛ፣ በ1.8 አታንሺ። እዚያ ላይ ጥርት የሚለው ስፋት በጣም ቀጭን ነው፤ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ብዥ ይላል። ወደ 2.8 ወይም ወደ 4 ብትዘጊው ትንሽ ብትስቺም ያልፍልሻል።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከፋፍይው። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሲጨፈር፣ ልጆች ሲሯሯጡ በኪት ሌንሱ አንሺ፤ እሱ አውቶፎከስ አለው። ሙሽሪት ስትኳኳል፣ መናፈሻ ውስጥ ቆመው ሲያነሱ፣ እናት ልጇን ስትስም፣ ሰው ቀስ በሚልበት ሰዓት 85ቱን አውጪ።

አራተኛ፣ እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ በየቀኑ ተለማመጂ። ወንድምሽን አስቀምጪና መቶ ጊዜ አንሺው። እጅ በንግግር አይማርም።

እንዳልኳት አደረገች። ከሰርጉ በኋላ ፎቶዎቹን አሳየችኝ። የሳቱ አሉ፤ ደብቃ አላመጣችም። ግን የሙሽሪት እናት በር ላይ ቆማ ልጇን የምታይበት አንድ ፎቶ ነበር፣ በ85ቱ፣ በእጅ ፎከስ የተነሳ፤ ሰዎቹ ትልቅ አድርገው ያሳተሙት እሱን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ዲ3200ዋን ሸጣ፣ ጨምራበት፣ ያገለገለ ዲ7000 ገዛች። አሁን ያ ሌንስ በራሱ ፎከስ ያደርጋል። እሷ ግን አንዳንዴ በእጅ ታነሳለች፤ «ለምዶብኛል» ትላለች።

አሁን ወደ ተግባሩ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ በፊደሎቹ እየተሸወዳችሁ ነው።

«ዲ የተጻፈበት ሞተር የለውም፣ ጂ የተጻፈበት ሞተር አለው» የሚል ነገር በየቦታው ይነገራል። ይሄ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ገበያ ላይ አደገኛ ነው። ዲ ማለት ሌንሱ ርቀቱን ለካሜራው ይነግራል ማለት ነው። ጂ ማለት የአፐርቸር ቀለበት የለውም ማለት ነው። ሁለቱም ስለ ሞተር አያወሩም። ለምሳሌ ርካሹ 70-300 ጂ፣ «ኤኤፍ» ብቻ የተጻፈበት፣ ሞተር የለውም፤ ጂ መሆኑን አይቶ የገዛ ብዙ ሰው አለ። በተቃራኒው 300 ሚሜ ኤፍ 4 ዲ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ስላለበት ሞተር አለው፤ ዲ ነው ብሎ የተወው ሰው ተጎዳ። የምታነቡት እንግዲህ «ኤኤፍ-ኤስ»፣ «ኤኤፍ-አይ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚለውን ነው። «ኤኤፍ» ብቻ ከሆነ ሞተሩ ከቦዲው ይጠበቃል።

ሌሎች ድርጅቶች የሠሯቸው ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ቶኪና 11-16 ኤፍ 2.8ን ውሰዱ፤ ለቪዲዮም ለቤት ውስጥ ፎቶም ብዙ ሰው የሚፈልገው ነው። ለኒኮን የተሠራው የመጀመሪያው ሞተር የለውም፤ ሁለተኛው እትም አለው። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ። የታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8ም ለኒኮን ሞተር ያለውም የሌለውም ወጥቷል። እዚህ ላይ ስም አያድንም፤ ገልብጦ ጀርባውን ማየትና ቦዲያችሁ ላይ ሰክቶ መሞከር ነው።

አንዲት ነገር ደግሞ ልጨምር። የዲ ሌንስ ሰክታችሁ ካሜራው «ኤፍ ኢ ኢ» የሚል ጽሑፍ ካወጣ አትደንግጡ። የአፐርቸር ቀለበቱን ወደ መጨረሻው ትልቅ ቁጥር፣ ሌንሱ እንደሆነው 16 ወይም 22 ላይ፣ አድርሱትና ቆልፉት። በዚህች ምክንያት ብቻ «ቦርዱ ሄዷል» የተባለ ካሜራ በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

እስካሁን ያወራነው አሮጌ ሌንስ ከአዲስ ቦዲ ጋር ነው። ተቃራኒውም አለ፤ አዲስ ሌንስ ከአሮጌ ቦዲ ጋር። ከ2016 ጀምሮ የመጡት ኤኤፍ-ፒ ሌንሶች ሌላ ዓይነት ሞተር አላቸው፦ ፈጣን፣ ጸጥ ያለ፣ ለቪዲዮ ግሩም። ግን ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ5100 ላይ ፎከስ አያደርጉም። በእጅስ? በእጅም አይሆንም! ቀለበቱን ስታዞሩት መስታወቱን በቀጥታ አይገፋውም፤ ለሞተሩ መልእክት ነው የሚልከው፤ ሞተሩ ካልተነሣ ቀለበቱ በባዶው ይዞራል። «ኢ» የሚል ፊደል ያለባቸው ሌንሶች ደግሞ አፐርቸራቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ እንደ ዲ80፣ ዲ90፣ ዲ200፣ ዲ40 እና ዲ3000 ባሉ ቦዲዎች ላይ አፐርቸሩ አይታዘዝም። የጂ ሌንስ እንደ ኤፍኤም2 ያለ የፊልም ካሜራ ላይ ብትሰኩት ደግሞ የምታዞሩት የአፐርቸር ቀለበት ስለሌለ ሁልጊዜ በጠባቡ ቀዳዳ ነው የሚያነሳው።

መስታወት አልባዎቹን ዘመነኛ ካሜራዎች የያዛችሁም አልተረፋችሁም። ኒኮን በ2018 ዜድ ካሜራዎቹን ሲያወጣ ለድሮ ሌንሶች ኤፍቲዜድ የሚባል አስማሚ አብሮ አወጣ። አስማሚው ካቻቪቴዋ የለችበትም፤ በ2021 የመጣው ሁለተኛውም የለበትም። ስለዚህ ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ ይሠራል፤ ሞተር የሌለው ዲ ሌንስ ግን ሺህ ዶላሮች ባወጣ ካሜራም ላይ በእጅ ነው። ሶኒ ግን ከሚኖልታ ለወረሰው ማውንት በ2020 ባወጣው አስማሚ ውስጥ ሞተር ከተተ፤ በተወሰኑ ቦዲዎቹ ላይ የድሮ የሚኖልታ ሌንሶች ፎከስ ማድረግ ቻሉ። ስለዚህ «አይቻልም» ሳይሆን «አልተፈለገም» የሚባልበት ጊዜም አለ።

ታዲያ ሞተር ያለው ሌንስ ሁሌ ይሻላል ማለት ነው? ለፍጥነትና ለጸጥታ፣ በአብዛኛው አዎ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ተክሊል ሲደረስ፣ የድሮ ሌንስ «ዥጥ ዥጥ» ሲል ቀሳውስቱ ዘወር ብለው ሲያዩን እኮ ያሳፍራል። በጥሩ ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ ደግሞ አውቶፎከሱን ሳትዘጉ ቀለበቱን በእጅ ማስተካከል ትችላላችሁ። ግን ሌላም ጎን አለው። ሞተር ያረጃል። ሌንሱ ውስጥ ያለ ሞተር ሲሞት ሌንሱን ይዞ ይሞታል፤ መለዋወጫው እኛ ጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ሠሪውም ብዙ ጊዜ ከሌላ የሞተ ሌንስ ነቅሎ ነው የሚገጥመው። የድሮዎቹ ግን መስታወት፣ ብረትና ማርሽ ናቸው፤ የሚቃጠል ሞተር ውስጣቸው የለም። ሞተር ያለው ቦዲ እስካለ ድረስ ይሠራሉ፤ ቦዲው ቢጠፋም በእጅ ይሠራሉ። አጎትየው ለዓመታት የተጠቀመበት ሌንስ የእህቱን ልጅ እንጀራ ሊያበላ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የካኖንንና የኒኮንን ነገር ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌ «የትኛው ትክክል ነበር?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ካኖን አንድ ጊዜ ክፉኛ አሳመመ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛው መጠየቅ አላስፈለገውም። ኒኮን ማንንም አላሳመመም፤ በሩን ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ግን ከበሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚግባባ ማወቅን ለደንበኛው ተወለት። አንብቦ መረዳት ለሚችል፣ ጠይቆ መልስ ለሚያገኝ ሰው የኒኮን መንገድ በረከት ነው፤ የስድሳ ዓመት ሌንስ ክምችት ክፍት ሆነለት። የሚጠይቀው ለሌለው ደግሞ ወጥመድ ነው። የናንተና የኔ ሥራ እንግዲህ ያንን ሰው ጠያቂ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ ልትገዙ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። የራሳችሁን ቦዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጩ ካሜራ ላይ መሥራቱ ለናንተ ምንም ማለት አይደለም። ስሙን ከላይ አንብቡ፣ ጀርባውን ገልብጡ። ስንጥቅ ያለባት ክብ ካየችሁ ቦዲያችሁ ካቻቪቴ እንዳለው እዩ። ሰክታችሁ በቅርብም በሩቅም ፎከስ አድርጉ። «ዛሬ ካልወሰድከው ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ሲሏችሁ ይምጣ በሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዘመድ ልላክልህ ሲላችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ የካሜራችሁን ሙሉ ስም ጻፉለት። «ስጦታ ነው፣ እንዴት ይህን እላለሁ» አትበሉ። እሱም እዚያ ሆኖ የሚጠቅማችሁን ቢልክ ነው ደስ የሚለው። ልካችሁ የምታውቁ ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼም፣ ከመግዛታችሁ በፊት «ካሜራሽ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ መስመር መልእክት ሁለት ወር ኩርፊያ ታስቀራለች።

በመጨረሻ፣ ቁምሳጥናችሁ ውስጥ «ሞቷል» የተባለ ሌንስ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አውጡት። አቧራውን ጥረጉ፣ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ አንሡ፣ ከካሜራችሁ ስም ጋር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። አንድ በአንድ እመልሳለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ኑ፤ ዲ7000ው ቻርጅ ተደርጎ ይጠብቃችኋል።